ከጡት ወደ ማዕድ፦ በሕፃንነት የሚጀመር ተጨማሪ ምግብና የኋለኛው የልጅነት ዕድገት

መግቢያ

ከድሬዳዋ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ በቆላው ምድር የምትገኘው ጀልዴሳ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን ከዘይላ ወደብ ወደ ሐረር የሚጓዙ ሲራራ ነጋዴዎች ማረፊያ ነበረች። ከባሕሩ ዳርቻ የመጡት ግመሎች ጭነታቸውን በዚያ ያወርዱ ነበር፤ ወደ ሐረር ደጋ የሚወጣውን አቀበት ደግሞ በቅሎዎችና አህዮች ይረከቡ ነበር። ከጂቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱ መንገዱን ለወጠ። የጀልዴሳና የአካባቢዋ ኑሮም በግመል፣ በፍየልና በከብት እርባታ እንዲሁም ዝናብ በሚገኝበት ጊዜ በማሽላና በበቆሎ እርሻ ላይ ተመሥርቶ ቀጠለ።

በሕፃን ሕይወት ውስጥም እንዲሁ ያለ የርክክብ ጣቢያ አለ። እስከ ስድስት ወር ድረስ የዕድገቱን ሸክም ብቻውን የተሸከመው የእናት ጡት፣ ከዚያ በኋላ ከሸክሙ ከፊሉን ለቤተሰቡ ማዕድ ያስረክባል። ተረካቢው ዝግጁ ካልሆነ፣ ይኸውም ምግቡ ከዘገየ፣ ከቀጠነ ወይም ዓይነቱ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ሕፃኑ በዚያ ጣቢያ ላይ ይቆማል። ጉዳቱ ወዲያውኑ አይታይም። ልጁ ይጫወታል፤ ይስቃል፤ እንደ ጎረቤት ልጆችም ይመስላል። ጉዳቱ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ በቁመቱ፣ ትምህርት ሲቀበል ደግሞ በአእምሮው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከ6 እስከ 23 ወር ባለው ዕድሜ የሚሰጠው ተጨማሪ ምግብ በኋለኛው የልጅነት ዕድገት ላይ የሚያስከትለውን ውጤት ማብራራት፣ ይህም ውጤት በምን መንገድ እንደሚመጣ ማሳየትና በቆላማው የድሬዳዋ ገጠርም ሆነ በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎች በቤት ውስጥ ሊደረግ የሚችለውን ማመልከት ነው።

ዕድገት የሚፈጥንበት ዘመን

ጤናማ ሕፃን ሲወለድ ርዝመቱ ወደ 50 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በመጀመሪያው ዓመት 25 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በሁለተኛው ዓመት ደግሞ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል። ከዚያ በኋላ እስከ ጉርምስና ዘመን ድረስ ዓመታዊ ጭማሪው ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ እንደምንረዳው በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ በምግብ ጉድለት ወይም በሕመም ምክንያት የባከነ አንድ ወር፣ በአምስት ዓመት ዕድሜ ከሚባክን አንድ ወር ይልቅ ብዙ እጥፍ ያስከፍላል። አንጎልም በእነዚሁ ሁለት ዓመታት ከማናቸውም ሌላ ጊዜ ይበልጥ በፍጥነት ያድጋል።

ቁመቱ ለዕድሜው ከሚጠበቀው መካከለኛ ልክ በሁለት መደበኛ ልይይት በታች የሆነ ልጅ «ቀንጭሯል» ይባላል። ለምሳሌ የሁለት ዓመት ሴት ልጅ መካከለኛ ርዝመት 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከ80 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነች የመቀንጨር ወሰን ውስጥ ገብታለች ማለት ነው። መቀጨጭ ከዚህ ይለያል፤ እርሱ ክብደት ከቁመት አንጻር ሲያንስ የሚታይ፣ በቅርብ ጊዜ የደረሰ ጉዳት ምልክት ነው። የተቀጨጨ ልጅ በዓይን ይለያል። የቀነጨረ ልጅ ግን ክብደቱ ከቁመቱ ጋር ሊመጣጠን ስለሚችል በሜትር ካልተለካ አይለይም። ግማሽ ያህሉ ልጆች አጫጭር በሆኑበት መንደር ደግሞ አጭርነት የተለመደ መልክ ሆኖ ስለሚታይ ማንም አይጠይቅም።

«የእኛ ልጆች በተፈጥሯቸው አጭር ናቸው» የሚለው አስተያየት ብዙ ጊዜ ይሰማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2003 በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ያካሄደው ጥናት ለዚህ ግልጽ መልስ ሰጥቷል። ጡት የጠቡና ተገቢውን ተጨማሪ ምግብ ያገኙ፣ በጥሩ ጤናና እንክብካቤ ያደጉ ሕፃናት በስድስቱም አገሮች በርዝመት እጅግ ተቀራራቢ ሆነው ተገኙ። በርዝመት ላይ ከታየው ልዩነት ከአገር ወደ አገር የመጣው 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ሲሆን፣ 70 በመቶ ያህሉ በአንድ አካባቢ ባሉ ልጆች መካከል ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ዓለም አቀፍ የዕድገት መለኪያ የተመሠረተው በዚህ ጥናት ላይ ነው። እንግዲህ በሕፃንነት ዘመን አንድ ሕዝብ በጅምላ አጭር ሆኖ ሲገኝ፣ ምክንያቱን ከዘር በፊት በማዕዱና በጤናው መፈለግ ይገባል።

በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት የቀነጨሩት እ.ኤ.አ. በ2000 58 በመቶ፣ በ2005 51 በመቶ፣ በ2011 44 በመቶ፣ በ2016 38 በመቶ፣ በ2019 ደግሞ 37 በመቶ ነበሩ። ለውጡ የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚስበው ጉዳዩ በዕድሜ ሲከፋፈል የሚታየው ነው። ችግሩ በስድስተኛው ወር አካባቢ ዝቅተኛ ሆኖ ይጀምርና በፍጥነት እየጨመረ ሄዶ በሦስተኛው የዕድሜ ዓመት ላይ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ይህ ከፍታ የሚወጣው በትክክል ተጨማሪ ምግብ በሚሰጥበት ዘመን ውስጥ ነው። በ2016ቱ ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ሕፃናት በዓይነትም በድግግሞሽም አነስተኛውን ተቀባይነት ያለው አመጋገብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2019 11 በመቶ ሆነዋል።

ለምን በስድስተኛው ወር?

የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2001 ሕፃናት እስከ ስድስት ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ እንዲጠቡ፣ ከዚያም ጡት ሳይቋረጥ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ተጨማሪ ምግብ እንዲያገኙ ወሰነ። ውሳኔው በሁለት ወገን ያለውን አደጋ ያመዛዘነ ነው።

ምግብ ቀድሞ ሲጀመር ንጹሕ ያልሆነ ውኃና ዕቃ ተቅማጥ ያመጣል፤ ሕፃኑም በዚያው መጠን ጡት መጥባቱን ይቀንሳል። ለአራስ ሕፃን ቅቤ ማዋጥ፣ የስኳር ውኃ ወይም የእንስሳት ወተት መስጠት የዚሁ ስሕተት መልኮች ናቸው።

ምግብ ሲዘገይ ደግሞ ሁለት ጉድለቶች በአንድነት ይደርሳሉ። የመጀመሪያው የኃይል ጉድለት ነው። በአማካይ መጠን ጡት የሚጠባ ሕፃን ከተጨማሪ ምግብ ማግኘት ያለበት ከ6 እስከ 8 ወር በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ፣ ከ9 እስከ 11 ወር 300፣ ከ12 እስከ 23 ወር 550 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው። ሁለተኛው የማዕድናት፣ በተለይም የብረት ማዕድን ጉድለት ነው። ሕፃን በማኅፀን ሳለ ያከማቸው ብረት የሚበቃው ለስድስት ወር ያህል ነው፤ በእናት ጡት ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ በደንብ የሚዋሐድ ቢሆንም መጠኑ እጅግ አነስተኛ ነው። ከዚያ በኋላ የሕፃኑ ሰውነት በቀን ሊዋሐደው የሚገባው ብረት ከአንድ ጎልማሳ ወንድ ፍላጎት ጋር ይቀራረባል። ሰባትና ስምንት ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰውነት ይህን ያህል የሚፈልገው ደሙም ጡንቻውም አንጎሉም በአንድ ጊዜ ስለሚሠሩ ነው። የስድስተኛው ወር ምግብ ብረት ከሌለው የደም ማነስ መከተሉ አይቀርም።

የቀጠነ አጥሚት ሒሳብ

በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የሕፃን የመጀመሪያ ምግብ ከማሽላ፣ ከበቆሎ ወይም ከስንዴ ዱቄት የሚዘጋጅ ቀጭን አጥሚት ነው። ቀጭን የሚሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዱቄት በፈላ ውኃ ውስጥ ሲበስል ያብጥና ይወፍራል፤ እናትም ሕፃኑ እንዲውጠው ውኃ ትጨምርበታለች። ጉዳቱ በቀላል ሒሳብ ሊታይ ይችላል።

ስምንት ኪሎ ግራም የሚመዝን የ9 ወር ሕፃን ሆዱ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ለያንዳንዱ ኪሎ ግራም 30 ሚሊ ሊትር፣ በጠቅላላው ወደ 240 ሚሊ ሊትር ነው። ከመቶ እጅ 8 እጁ ብቻ ዱቄት የሆነ አጥሚት በአንድ ግራም 0.3 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይይዛል። ስለዚህ ሕፃኑ ሆዱ እስኪሞላ ቢጠጣ የሚያገኘው 70 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ብቻ ነው። የሚፈልገውን 300 ኪሎ ካሎሪ ለማሟላት በቀን ከአራት ጊዜ በላይ ሆዱን መሙላት ይኖርበታል፤ ይህም ለእናት ጡት ቦታ አይተውም። በአንጻሩ በማንኪያ ላይ የሚቆም፣ ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ የታከለበት ገንፎ በአንድ ግራም ከ0.8 እስከ 1 ኪሎ ካሎሪ ሊይዝ ይችላል። በዚህም ሁለት ጊዜ መመገብ ብቻውን የኃይሉን ፍላጎት ያሟላል፤ ሦስተኛውና አራተኛው ገበታ ደግሞ ለሌሎች የምግብ ዓይነቶች ይተርፋል። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 40 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይጨምራል።

የወፍራም ገንፎን ክብደት ለማላላት በአገር ውስጥ የታወቀ ዘዴ አለ፤ እርሱም ብቅል ነው። እህል ሲበቅል አሚሌዝ የተባለ ስታርች ሰባሪ ንጥረ ነገር ያመነጫል። ከዚህ የብቅል ዱቄት ጥቂት በወፍራሙ ገንፎ ላይ ሲጨመር ገንፎው በደቂቃዎች ውስጥ ይላላል፤ ውኃ ስላልተጨመረበት ግን ኃይሉ አይቀንስም። የማሽላ ብቅል በሚዘጋጅበት ጊዜ ቡቃያውና ሥሩ መርዛማ ንጥረ ነገር ሊይዙ ስለሚችሉ ሙሉ በሙሉ ተራግፈው ፍሬው ብቻ ደርቆ መፈጨት፣ ብቅሉ የተጨመረበት ገንፎም እንደገና መፍላት አለበት።

ሁለተኛው የእህል ጉድለት የሚመጣው ፋይቴት ከተባለው ንጥረ ነገር ነው። በማሽላ፣ በበቆሎና በጥራጥሬ ልባስ ውስጥ የሚገኘው ፋይቴት ብረትንና ዚንክን አጥብቆ ይይዛል፤ ማዕድኑ በምግቡ ውስጥ ቢኖርም ወደ ደም ሳይገባ ይወጣል። መዘፍዘፍ፣ ማብቀልና ማቡካት ፋይቴትን ይቀንሳሉ። ከምግብ ጋር የሚሰጥ ሻይ ግን የብረትን መዋሐድ ያውካል፤ ስለዚህ ለሕፃን ሻይ መስጠት አይገባም።

ዚንክና ጥራት ያለው ፕሮቲን በቂ ካልሆኑ የረዣዥም አጥንቶች ጫፍ ላይ ያለው የማደጊያ ክፍል ሥራውን ይቀንሳል። ሰውነት የምግብ እጥረትን ሲያውቅ ኢንሱሊን መሰል የዕድገት ንጥረ ነገርን ማመንጨቱን ያሳንሳል፤ ያለውንም ኃይል ለሕይወት ማቆያ ያውለዋል። መቀንጨር የሰውነት የቁጠባ ውሳኔ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ልጁ በሕይወት ይቆያል፤ ዋጋው ግን በቁመትና በአእምሮ ይከፈላል።

ወተት ያለበትና የሌለበት ወራት

በጀልዴሳና በአጎራባቹ የሶማሌ ክልል ቆላ የሕፃናት አመጋገብ ከደጋው በአንድ ዋና ነገር ይለያል፤ እርሱም ወተት ነው። ወተት ጥራት ያለው ፕሮቲን፣ ካልሲየም፣ ቫይታሚን ኤና ቫይታሚን ቢ12 ስለሚይዝ እህል ብቻ የማይሰጠውን ይሰጣል። በ2016ቱ አገር አቀፍ ጥናት በሶማሌ ክልል የቀነጨሩት ሕፃናት 27 በመቶ ሲሆኑ፣ በአማራ ክልል 46 በመቶ ነበሩ። መቀጨጭ ግን በተቃራኒው በሶማሌ ክልል 23 በመቶ፣ በአማራ ክልል 10 በመቶ ያህል ነበር።

ይህን ንጽጽር በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የአርብቶ አደር ልጆች እግራቸው ከወገባቸው በላይ ካለው አካል አንጻር ረጅም ስለሆነ፣ ክብደትን ከቁመት ጋር በማነጻጸር የሚደረገው ልኬት መቀጨጭን ከእውነተኛው ይበልጥ አብዝቶ ሊያሳይ ይችላል። ይሁንና ወተት በደረቅ ወራት ሲጠፋ ሕፃናት እንደሚከሱ የአካባቢው እናቶች ራሳቸው ይመሰክራሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 በሊበንና በዚያን ጊዜ ሽንሌ ትባል በነበረችው፣ ከድሬዳዋ ጋር በምትዋሰነው ዞን በተፍትስ ዩኒቨርሲቲና በሴቭ ዘ ችልድረን የተካሄደ ጥናት እናቶችን ሲጠይቅ፣ የሕፃናቱን መክሳት ከሁሉ በፊት ያያያዙት ከወተት መጥፋት ጋር ነበር። ሰዎቹና ከብቶቹ በድርቅ ሲለያዩ፣ ታላቢዎቹ እንስሳት ወደ ሩቅ ግጦሽ ሲሄዱና ሕፃናቱ ከእናቶቻቸው ጋር በመንደር ሲቀሩ ወተቱም አብሮ ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ በነዚሁ አካባቢዎች የተደረገው ሙከራ ቀላል ነበር። በደረቅ ወራት ጥቂት ታላቢ እንስሳት በመንደሩ አቅራቢያ እንዲቆዩ ተደረገ፤ መኖና ክትባትም ተሰጣቸው። ወተቱ በቤት ውስጥ ቆየ፤ የሕፃናቱም የምግብ ሁኔታ ድጋፉ ካልደረሰባቸው ልጆች ይልቅ ተጠበቀ። ትምህርቱ ለሐኪምም ሆነ ለእንስሳት ሐኪም አንድ ነው፤ በቆላ አገር የፍየሏ መኖ የሕፃኑ ምግብ ነው።

ወተት ግን ሁሉንም አያሟላም። የግመልም ሆነ የፍየል፣ የላምም ወተት በብረት ደሃ ነው። ወተት ብቻ የሚጠጣ ሕፃን በቁመቱ ቢያድግም ለደም ማነስ ይጋለጣል። ያልፈላ ወተት ደግሞ ብሩሴሎሲስንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ያስተላልፋል። ስለዚህ ወተቱን አፍልቶ፣ በተለይም በገንፎ ውስጥ በውኃ ምትክ አድርጎ፣ ከጥራጥሬ፣ ከሥጋ ወይም ከእንቁላል ጋር መስጠት ይመረጣል። የእናት ጡትም ለእንስሳት ወተት ሲባል መቋረጥ የለበትም።

የኋለኛው ዘመን ምስክርነት

የሕፃንነት ምግብ ውጤት እስከ የት ይዘልቃል? ለዚህ ጥያቄ ረጅሙን መልስ የሰጠው በጓቲማላ የተካሄደው ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1977 በምሥራቅ ጓቲማላ በሚገኙ አራት መንደሮች ተጨማሪ መጠጥ ይታደል ነበር። በሁለቱ መንደሮች የሚሰጠው አቶሌ የተባለ ፕሮቲንና ኃይል ያለው የዱቄት መጠጥ፣ በሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ ፍሬስኮ የተባለ ፕሮቲን የሌለው መጠጥ ነበር። አቶሌ የደረሳቸው ሕፃናት በሦስት ዓመታቸው ከሌሎቹ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ በልጠው ተገኙ። ከሦስት ዓመት ዕድሜ በኋላ የተሰጠው ግን ቁመት አልጨመረም። ልጆቹ ጎልማሶች ከሆኑ በኋላ በተደረገው ክትትል፣ ከልደት እስከ ሁለት ዓመት ድረስ አቶሌ ያገኙ ወንዶች የሰዓት ገቢያቸው በ46 በመቶ በልጦ ተገኝቷል፤ ሴቶቹም ከአንድ ክፍል በላይ ተጨማሪ ትምህርት ተምረዋል። መጠጡ አንድ፣ ልዩነቱም የዕድሜ ብቻ ነበር።

የቅርብ ጊዜ ሙከራዎች ይህን ያጠናክራሉ፤ ወሰኑንም ያሳያሉ። በኤኳዶር ከ6 እስከ 9 ወር ያሉ ሕፃናት ለስድስት ወር በየቀኑ አንድ እንቁላል ሲሰጣቸው መቀንጨር ወደ ግማሽ ያህል መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2017 ተዘገበ። ሕፃናት አስቀድሞ ዓሣ በብዛት በሚመገቡበት በማላዊ የተደረገው ተመሳሳይ ሙከራ ግን በቁመት ላይ ለውጥ አላሳየም። ይህ እንቁላል የሚጠቅመው የጎደለውን በሚሞላበት ስፍራ መሆኑን ያመለክታል። በቅባት የተዘጋጁ አነስተኛ የምግብ ማሟያዎች በተሰጡባቸው 14 ሙከራዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ማጠቃለያ መቀንጨር በ12 በመቶ ቀንሷል። በዚምባብዌ በተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመው ሙከራ የተሻለ ተጨማሪ ምግብ መቀንጨርን ከ35 ወደ 27 በመቶ ሲያወርድ፣ መጸዳጃ ቤትና የእጅ መታጠቢያ ብቻቸውን በቁመት ላይ ለውጥ አላመጡም።

ከነዚህ ውጤቶች ሁለት ነገሮች ይወሰዳሉ። አንደኛ፣ ምግብ በእርግጥ ይሠራል። ሁለተኛ፣ ምግብ ብቻውን ችግሩን አያስወግድም። የእናቲቱ አመጋገብ በእርግዝና ጊዜ፣ የሕፃኑ የልደት ክብደት፣ ተደጋጋሚ ተቅማጥና ወባም ድርሻ አላቸው። የውኃና የንጽሕና ሥራም በቁመት ባይለካም ከበሽታ ስለሚጠብቅ የሚተው አይደለም።

የቀነጨረ ልጅ ተስፋ የለውም ማለትም አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም ልጆችን እየተከታተለ ያለው ያንግ ላይቭስ የተባለው ጥናት፣ በአንድ ዓመታቸው ቀንጭረው ከነበሩት ከፊሎቹ በስምንት ዓመታቸው ከመቀንጨር ወሰን ወጥተው እንደተገኙ አሳይቷል። እነዚህ ልጆች በትምህርት ፈተና ቀንጭረው ከቀሩት ይሻላሉ፤ ከጅምሩ ካልቀነጨሩት ግን ያንሳሉ። እንግዲህ ከሁለት ዓመት በኋላ በሩ ይጠባል እንጂ አይዘጋም። የትምህርት ቤት ምገባ ጥቅምም ከዚህ ላይ ይታያል።

የሌላው ወገን አደጋ

ዕድገት ሲባል ውፍረት ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ የዱቄት ወተት የሚጠጡና ከአራት ወር በፊት ጠጣር ምግብ የጀመሩ ሕፃናት በሦስት ዓመታቸው ከልክ በላይ የመወፈር ዕድላቸው ስድስት እጥፍ ነበር፤ ጡት በሚጠቡት ዘንድ ግን ይህ ግንኙነት አልታየም። በአውሮፓ የተደረገ ሙከራም ከመጠን በላይ ፕሮቲን ያለው የዱቄት ወተት ኋላ ውፍረትን እንደሚያስከትል አሳይቷል። ይህ ለኢትዮጵያ ከተሞች እንግዳ ጉዳይ አይደለም። በድሬዳዋ ሱቆች እንደሚታየው ብስኩት፣ ጣፋጭ ጭማቂና ለስላሳ መጠጥ ለሕፃን እንደ ምግብ ሲሰጡ ይስተዋላል። እነዚህ ሆድ ይሞላሉ፤ ብረትና ዚንክ ግን የላቸውም። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ አጭርና ወፍራም ልጅ ማየት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ጣፋጭ መጠጥ እንዳይሰጥ፣ የእንስሳት ተዋጽኦ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ግን በየዕለቱ እንዲሰጥ መክሯል።

በቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

ከ6 እስከ 8 ወር፦ በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ፣ ከጥቂት ማንኪያ ተነሥቶ ወደ ግማሽ የቡና ቤት ብርጭቆ የሚያድግ ወፍራም ገንፎ ወይም የተፈጨ ምግብ።

ከ9 እስከ 11 ወር፦ በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ፣ በደቃቁ የተከተፈና በእጅ የሚያዝ ምግብ፤ እንደ ፍላጎቱ 1 ወይም 2 መክሰስ።

ከ12 እስከ 23 ወር፦ በቀን ከ3 እስከ 4 ጊዜ የቤተሰቡ ምግብ በራሱ ሳህን፤ 1 ወይም 2 መክሰስ፤ ጡትም ሳይቋረጥ።

የምግቡ ዓይነት ከመጠኑ ያላነሰ ዋጋ አለው። የእናት ጡት፣ እህል፣ ጥራጥሬ፣ ወተት፣ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ቫይታሚን ኤ ያላቸው አትክልትና ፍራፍሬ እንዲሁም ሌሎች አትክልትና ፍራፍሬ ተብለው ከሚመደቡት ስምንት ክፍሎች ሕፃኑ በየቀኑ ቢያንስ ከአምስቱ ማግኘት አለበት። ይህ ከባድ መስሎ ቢታይም፣ በወተት የተሠራ የማሽላ ገንፎ ከምስር ወይም ከሽምብራ ዱቄት ጋር፣ ከዚያም ጥቂት ፓፓያ ወይም ማንጎ ሲጨመርበት ከእናት ጡት ጋር አምስት ይሆናል። እንቁላል ወይም በደቃቁ የተከተፈ ጉበት በተገኘ ጊዜ ለሕፃኑ መቅደም አለበት። በጾም ወራት የእንስሳት ተዋጽኦ በማይሠራባቸው ቤቶች ሕፃናት ጾሙ ሳይመለከታቸው አብረው እንዳይጎዱ ምግባቸው ለብቻ መዘጋጀት ይገባዋል። ማር ከአንድ ዓመት በፊት አይሰጥም።

በጋራ ትሪ የሚመገብ ሕፃን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም፤ ታላላቆቹም ይቀድሙታል። ስለዚህ የራሱ ሳህን ይኑረው። በግድ ማጉረስ አያስፈልግም፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ እያናገሩና እየታገሡ መመገብ ከሳህኑ ውስጥ ካለው ያላነሰ ውጤት አለው። በሕመም ጊዜ ጡትና ፈሳሽ ይብዛለት፤ ሲያገግም ደግሞ ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ተጨማሪ ገበታ ይሰጠው። አያት ብዙ ጊዜ የምግቡ ወሳኝ፣ አባትም የገንዘቡ ባለቤት ስለሆኑ ምክሩ ለእናት ብቻ ሲነገር ግማሽ ይቀራል።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

ኢትዮጵያ በዚህ መስክ ረጅም ልምድ አላት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የሕፃናት ምግብ ክፍል ፋፋ የተባለውን ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት የተቀመመ የሕፃናት ምግብ አዘጋጅቷል፤ «ፋፋ» የሚለው ቃል ራሱ ልጅ ሲደረጅ የሚባለው ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀመረ፤ በ2008 ብሔራዊ የሥነ ምግብ ፕሮግራም ወጣ፤ በ2015 የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም የሕፃናት መቀንጨርን እስከ 2030 ለማስቀረት ግብ አስቀምጧል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ አንድ ቀላል ተግባር ነው። ሕፃናት ይመዘናሉ፤ ርዝመታቸው ግን አይለካም። ክብደት ብቻውን መቀንጨርን አይገልጽም። ለዘጠነኛው ወር የኩፍኝ ክትባት የመጣ ሕፃን ርዝመቱ ቢለካ፣ እናቱም ትናንት ምን እንደበላ ብትጠየቅ፣ ገንፎው በማንኪያ ላይ ይቆም እንደሆነ ቢታይ፣ ጉዳቱ ሳይደርስ ለመመለስ ገና ከአንድ ዓመት በላይ ጊዜ አለ። ያው ልጅ በሰባት ዓመቱ ለትምህርት ሲመዘገብ አጭርነቱ ቢታወቅ ግን ባለሙያው ሊያደርግለት የሚችለው ጥቂት ነው።

ማጠቃለያ

በሕፃንነት የሚሰጥ ተጨማሪ ምግብ በኋለኛው ልጅነት የሚታየውን ቁመት፣ የትምህርት ችሎታና ኋላም የሥራ አቅም ይነካል። ውጤቱ የሚወሰነው በስድስተኛው ወር በመጀመሩ፣ ሳይቀጥን በመሰጠቱ፣ ዓይነቱ በመብዛቱና ጡት ባለመቋረጡ ነው። በጀልዴሳ ቆላ የታላቢ እንስሳት መኖ፣ በደጋው ደግሞ የእንቁላልና የጥራጥሬ መኖር ከሕክምና ሥራ የተለዩ ጉዳዮች አይደሉም። አሥራ ስምንቱ ወራት አጭር ናቸው፤ ልጁ ግን የሚኖረው በእነርሱ በተሠራ ሰውነት ነው።